ለሽማግሌ የሚሆን ሄልሜት

ሞተር ላይ ከኋላ ተፈናጦ ዝም የሚል ሽማግሌ ካያችሁ ንገሩኝ፤ እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። ነገሩ አይገርምም። ዝም ማለት የሚችል ሰው መጀመሪያውኑ ሽማግሌ ተብሎ አይላክም። ሽማግሌ የሚመረጠው በአፉ ነው፤ አፍህን እቤት አስቀምጠህ ና ደግሞ አይባልም።

እኔ የመረጥኳቸው ሽማግሌ ጋሽ ገብሬ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቦንጋ ውስጥ የተጣላ ባልና ሚስት፣ በድንበር የተካሰሰ ጎረቤት፣ በውርስ የተኳረፈ ወንድማማች ሲኖር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። የማስታረቅ ዘዴያቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ወገን ደክሞት «እሺ በቃ፣ ታርቀናል» እስኪል ድረስ ያወራሉ። እኔም የፈለግኋቸው ለዚሁ ነበር። ዘነበችን ለማግባት አባቷን የሚያደክም ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

ዘነበች ዋጫ ላይ አስተማሪ ናት። አባቷ አቶ ወልዴ የሚኖሩት ግን ቢታ ገነት ነው። ቡና አላቸው፣ ማር አላቸው፣ ከሁሉ በላይ ቃል አላቸው፤ አንዴ ከአፋቸው የወጣ አይመለስም። በዚያ ሰሞን አይሱዙ ያለው አንድ የቡና ነጋዴ ዘነበችን ለመጠየቅ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ተነሳ። ዘነበች ከዋጫ ደወለችልኝ። «ከቀደመህ አባቴ ቃል ይሰጡታል፤ ቃል ከሰጡ እኔ አባቴን አላዋርድም። ስለዚህ ፍጠን» አለችና ስልኩን ዘጋች። እኔ እንግዲህ እንቅልፌን ያጣሁት ከዚያ ጀምሮ ነው።

አይሱዙ የለኝም። ያለኝ ሞተር ነው፤ እሱም የመሥሪያ ቤቱ ነው። ሥራዬን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ግን ሳልናገረው ወሬው አይሄድም። አዳቃይ ቴክኒሽያን ነኝ። በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዘ የኮርማ ዘር ይዤ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞርኩ የገበሬውን ላም አስረግዛለሁ። ገበሬው ሞተሬን ሲሰማ «ኮርማው መጣ!» ይላል። እኔን ነው። በግምገማ ቀን ደግሞ አለቃዬ በሰው ፊት ተነስቶ «በዚህ ሩብ ዓመት ስንት አስረገዝክ? ለምን ከዕቅድ በታች ሆነ?» ብሎ ያፋጥጠኛል። አዲስ የመጣች ጸሐፊ ካለች ቀና ብላ ታየኛለች። እንዲህ ያለውን ሥራ ለልጅቷ አባት ማን በምን አፉ ያስረዳል? ጋሽ ገብሬ ካልሆኑ ማንም።

ክረምት ስለነበር ከዋጫ ወዲያ ያለው ጭቃ መኪና አያሳልፍም። ጋሽ ገብሬን በሞተር ማድረስ ግድ ሆነ። እስቲ ይልመዱት ብዬ በገበያ ቀን እስከ ሺሺንዳ ወሰድኳቸው። መንገዱን ሁሉ ሊያወሩኝ ፈለጉ። ንፋሱ ቃላቸውን ሲነጥቅባቸው አገጫቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ያም አልበቃ ሲላቸው ያንን የቡና ማሳ ባለቤቱ እንዴት ከወንድሙ ጋር እንደተካፈለው ሊያሳዩኝ ከዘራቸውን በዓይኔ ፊት ዘረጉ። ማሳውን አላየሁትም፤ ያየሁት ቦዩን ነው። ሁለታችንም ውስጡ ገባን። ጭቃው ውስጥ ቁጭ እንዳሉ «እናም ታላቅየው ላይኛውን ወሰደ» ብለው ወሬውን ጨረሱልኝ።

እንደዚህ ሆነን ቢታ ገነት እንደማንደርስ ገባኝ። ዝም በሉ ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ ሳይንጠራሩ የሚያወሩበት መላ መፈለግ ነበረብኝ። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የጫካ ቡና ሊያዩ የመጡ ፈረንጅ ባልና ሚስት በሁለት ትልልቅ ሞተር ቦንጋን ሲያቋርጡ አይቻለሁ። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው፣ ሄልሜታቸውን እንዳጠለቁ፣ ሳይተያዩ ይጨቃጨቁ ነበር። እጇን እያወናጨፈች ስትናገር እሱ ከሩቅ ራሱን በእምቢታ ይነቀንቃል። ተለያይተው እየሄዱ መጣላት መቻል! ሥልጣኔ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

መናኸሪያው አጠገብ የሞተር መለዋወጫ ወደሚሸጡት ወደ እትዬ አስካለ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ሞተር ነድተው አያውቁም፤ ሞተር ላይ ግን የማያውቁት ነገር የለም፣ ወይም እንደዚያ ያስባሉ።

«የሄልሜት መነጋገሪያ ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«ለማን?»

«ለእኔና ለጋሽ ገብሬ።»

ትንሽ አሰቡና «ለአንተ እንኳ ጆሮ የሚደፍን ቢሆን ይሻልህ ነበር» አሉኝ። ቢሆንም ከመርካቶ ሦስት ዓይነት አስመጡልኝ።

ሰው ሁሉ መነጋገሪያ መምረጥ ቀላል ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ኮርማ በፎቶ የምመርጥ ሰው ነኝ እኮ! የአባቱን ዝርያ፣ የእናቱን ወተት፣ የእግሩን አቋም አይቼ ይሄ ይሁን፣ ያ ይቅር የምል ሰው ይህችን የክብሪት ቀፎ የምታህል ፕላስቲክ እንዴት ያቅተኛል? አቃተኝ።

የመጀመሪያው ባለ ሽቦ ነበር። ሁለቱን ሄልሜት አንድ ቀጭን ሽቦ ያገናኛቸዋል። እትዬ አስካለ «ባትሪ አይል፣ ምን አይል፤ የማያስቸግር ዕቃ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ዕቃው አያስቸግርም። ያስቸገሩት ጋሽ ገብሬ ናቸው። ሱቁ ፊት ለፊት ሞተሩ ላይ ተቀምጠን ስንሞክረው በመንገድ የሚያልፍ የድሮ ተማሪያቸውን አዩ። ሳይነግሩኝ ወርደው ሊስሙት ሄዱ። አንገቴ ተከተላቸው፤ እኔ አንገቴን ተከተልኩ፤ ሞተሩ እኔን ተከተለ። ተማሪውም ተማሪያቸው ነውና ጥሏቸው አልሄደም፣ እሳቸውም የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ጠይቀው እስኪጨርሱ እንደ በሬ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ።

ሁለተኛው የሬዲዮ መገናኛ ነው። ደረት ላይ ይታሰራል፤ ስትናገር ቁልፉን ትጫናለህ፣ ስትጨርስ ትለቃለህ። ጋሽ ገብሬ መጫኑን ወዲያው ለመዱት። መልቀቁን ግን አልለመዱትም። እሳቸው እስከተጫኑ ድረስ ደግሞ እኔ መናገር አልችልም። በዚህ ላይ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ አይቶኝ ወደ ጥግ ሳበኝና «አንተ ሰውዬ፣ አንቴና ያለው ነገር አስረህ ጫካ ለጫካ ልትዞር ነው? ማን ፈቀደልህ? ነገ ‹ለማን ነው የምታስተላልፈው› ብትባል ‹ለሽማግሌዬ› ልትል ነው?» አለኝ። ነገሩን ሳስበው ላብ አጠመቀኝ። ያንኑ ቀን መለስኩት።

ሦስተኛው ባለ ብሉቱዝ ነው። ሽቦ የለውም፣ ቁልፍ መጫን የለም። ሰው ሲናገር ድምፁን ሰምቶ ራሱ ይከፈታል፤ ዝም ሲባል ይዘጋል። መመሪያው በቻይንኛ ስለነበር እትዬ አስካለ ከሥዕሉ እያነበቡ አስረዱኝ።

«ድምፁ ትልቅ ነው? ጋሽ ገብሬ ግራ ጆሯቸው ከበድ ይላል» አልኳቸው።

«ከሞተር ጩኸት በላይ ነው።»

«ርቀትስ?»

«ግማሽ ኪሎ ሜትር ይሄዳል አሉ። ግን አንድ ሞተር ላይ ለምትቀመጡት ሰዎች ርቀት ምን ያደርግላችኋል?»

«ዝናብስ?»

«ዝናብ አይገባውም።»

ሁሉንም ጠየቅሁ። እንዴት እንደሚጠፋ ብቻ አልጠየቅሁም።

በተባለው ቀን ማለዳ ከቦንጋ ተነሳን። መሣሪያው ሲከፈት አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ትናገራለች። ጋሽ ገብሬ ድምጿን በሰሙ ቁጥር «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?» ይሏታል። ስለማትመልስላቸው ኩሩ ናት ብለው ትንሽ ተቀየሟት። ከዚያ በቀር ጉዟችን ያማረ ነበር። ወሬያቸው ጆሮዬ ውስጥ፣ ከዘራቸው ጭናቸው ላይ ሆኖ ሺሺንዳን አለፍን፣ ዋጫን አለፍን። መንገዱን ሁሉ ሥራዬን እንዴት እንደሚናገሩት አስጠናኋቸው።

«‹የእንስሳት ባለሙያ ነው› ይበሉ። እዚያ ላይ ይቁሙ።»

«ምን እንደሚያደርግ ቢጠይቁኝስ?»

«ወሬ ይለውጡ።»

«ወሬ መለወጥ ለእኔ ተወው» አሉኝ። በዚህ እንኳ ሙሉ እምነት ነበረኝ።

ቢታ ገነት ስንደርስ ዝናቡ ይወርድ ጀመር። ከእሳቸው ጋር የሚገቡት ሁለት የአገሩ ሽማግሌዎች በር ላይ ይጠብቁ ነበር። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ሲገባ ጠያቂው ልጅ በዚያ ደጅ አይታይም። ስለዚህ ሞተሩን ከግቢው በታች፣ እንሰቱ ውስጥ ደበቅሁና እኔም ተደበቅሁ። ሄልሜቴን አላወለቅሁም፤ ዝናቡ ነዋ! ጋሽ ገብሬ የእሳቸውን አውልቀው፣ አዲስ ዕቃ ጭቃ ላይ አይጣልም ብለው በብብታቸው ይዘውት ገቡ። እኔም ይህን አይቻለሁ፤ ግን ምንም አልመጣልኝም።

ጥቂት ቆይቶ ጆሮዬ ውስጥ ቤቱ ተከፈተ። «ተቀመጡ እንጂ» ሲሉ ሰማሁ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ሲሉ ሰማሁ። ወንበር ሲንቋቋ ሁሉ ሰማሁ። አስተዋይ ሰው ቢሆን በዚያች ደቂቃ ሄልሜቱን አውልቆ ራቅ ይላል። እኔ ግን መስታወቱን ይበልጥ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁና ጆሮዬን ጣልኩ። የገዛ ጋብቻውን በቀጥታ ሥርጭት ማድመጥ የሚጠላ ማን ነው?

የሚነጋገሩት በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነበር። እኔ ካፊኖኖ እሰማለሁ እንጂ ስናገር ላሞቹ እንኳ ይስቁብኛል። ጋሽ ገብሬ ዘሬን ቆጠሩ፣ ጠባዬን አመሰገኑ፣ ስለ ትሕትናዬ ሲናገሩ እኔው ራሴ ሰውየውን ልተዋወቀው ፈለግሁ። ከዚያ የፈራሁት መጣ። አቶ ወልዴ ሥራውስ ምንድን ነው አሉ።

«የእንስሳት ባለሙያ ነው» አሉ ጋሽ ገብሬ።

«ምን ያደርጋል?»

ጋሽ ገብሬ ወሬ ይለውጣሉ ብዬ ስጠብቅ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ይኸው... ዘር ያሻሽላል» አሉ። «በየቀበሌው እየዞረ...»

«ኧረ ጋሽ ገብሬ!» ብዬ ጮህኩ። «የላም ዘር ይበሉ! የላም! ሰውየው ሌላ ነገር እንዳይመስለው!»

የጮህኩት ለራሴ መስሎኝ ነበር። ከሞተር ጩኸት በላይ ነው የተባለው ድምፅ ግን እዚያ ቤት ውስጥ፣ ከአግዳሚው ላይ፣ ባዶ ሄልሜት ውስጥ ወጣ። ኋላ እንደነገሩኝ አንደኛው ሽማግሌ ወደ ኋላ አፈግፍገው አማተቡ፤ ሌላኛው ወደ በሩ ተጠጉ። ጋሽ ገብሬ በፍጥነት ጋቢያቸውን አውልቀው ሄልሜቱ ላይ ጣሉበትና ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው «እንዳልኳችሁ» ብለው ቀጠሉ።

እኔ ጋር ደግሞ በጋቢው ምክንያት ሁሉም ነገር ጭር አለ። ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። «አሎ! ጋሽ ገብሬ! ይሰማሉ? አሎ!» እያልኩ ሄልሜቱን በቡጢ መታሁት። ጋቢው እየተናገረ እንደሆነ ማን ይንገረኝ?

ድንገት ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። አሁን በአማርኛ ነበር።

«ይሰማል። ተናገር።»

ጋሽ ገብሬ ናቸው አልኩ። ዝናብ ሄልሜት ላይ ሲደበድብ ሽማግሌ ሁሉ አንድ ድምፅ ነው ያለው።

«ምን ሆነው ጠፉብኝ? ሰውየው ምን አሉ? ፊታቸው እንዴት ነው?»

«ፊታቸው እስካሁን ደህና ነው። አንተ ግን ልጅቱን ለምን ፈለግሃት?»

«ይሄ የአሁን ጥያቄ ነው፣ ጋሽ ገብሬ?»

«ይጠይቁኛል፤ የምመልሰውን ንገረኝ።»

እውነት መሰለኝ። እንሰቱ ሥር ቁጢጥ ብዬ፣ ውሃው በጀርባዬ እየወረደ፣ ለማንም ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። «ሥራዬን ስነግረው የሳቀ ብዙ ሰው አለ፤ እሷም ስቃለች። ግን ስቃ ስትጨርስ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አንድ ቀን ሞተሬ ጭቃ ውስጥ ሲቀር፣ ከትምህርት ቤት እየወጣች ነበር፣ ተማሪዎቿ እያዩአት ጫማዋን አውልቃ ከኋላ ገፋችልኝ። እኔ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሴት ማሰብ አልቻልኩም። ቤት የለኝም፤ ሞተሩም የመንግሥት ነው። ደስ አሰኛታለሁ ግን። እወዳታለሁ፣ ጋሽ ገብሬ። ይሄን ግን ለአባቷ እንዳይነግሩብኝ፤ እኚያ ሰውዬ ሲስቁ የታዩ አይደሉም ይባላል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ዘነበች ነቻ!»

ከዚያ ከጀርባ የሴት ሳቅ ሰማሁ፤ የታፈነ፣ በነጠላ የተያዘ ሳቅ። ጋሽ ገብሬ ደግሞ ራቅ ብለው በካፊኖኖ «ጉድ ነው፣ ጉድ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ጋሽ ገብሬ እዚያ ከሆኑ ይሄ ማን ነው?

«አባቷ እኔ ነኝ» አለ ሄልሜቱ።

ቆሜ እጅ ነሳሁ። ለማን እንደሆነ አላውቅም፤ እንሰት ብቻ ነው ፊቴ የነበረው። ለእንሰቱ እስከ ጉልበቴ ጎንበስ ብዬ «ይቅርታ አባባ፣ አሁኑኑ እሄዳለሁ አባባ» አልኩ።

«የት ትሄዳለህ? ሽማግሌህን ጥለህ ልትሄድ ነው?» አሉ። ደግሞም ልክ ናቸው። «ቁም እዚያው። አትገባም፤ በእኔ ቤት ወግ አይፈርስም። አፍህና ጆሮህ ግን ገብተው ተገኝተዋል፤ የገባ እንግዳ ደግሞ አላስወጣም።» ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረው «ለዚህም ቦታ ስጡት» አሉ።

በሽማግሌዎቹ መሃል ሄልሜቱን አስቀመጡት። ቆጮ ቀረበ፣ አይብ ቀረበ። ለሄልሜቱም ሳይቀርብለት አልቀረም። እኔ እንሰት ውስጥ ከማለዳ ጀምሮ ምንም ሳልቀምስ ሦስት ሽማግሌዎች ሲያላምጡ እሰማ ነበር። ጋሽ ገብሬ ሲያላምጡም ያወራሉ።

መጨረሻ ላይ አቶ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ሄልሜቱን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ተጫንኩት።

«እንግዲህ ስማ» አሉ ለሄልሜቱ። «ያ ባለ አይሱዙም ሰው ልኮብኛል። እኔ ለአንድ ሰው ነው ቃል የምሰጠው። ልጄን ያስተማርኳት ለፍቼ ነው፤ ስለዚህ አሳቤ...»

የመሣሪያው ሴትዮ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ጣል አደረገችና ሁሉም ነገር ጠፋ። ባትሪው አለቀ።

ሄልሜቱን ነቀነቅሁት። በጥፊ መታሁት። ለመንኩት። ወደ ቤቱ ለመሮጥ ሁለት ጊዜ ተነሳሁ፤ ወጉ ትዝ እያለኝ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ስለዚህ አሳቤ ምን? ሰጥቻለሁ ነው? ለነጋዴው ነው? ዘመድ ላማክርና ተመለሱ ነው? የዕድሜዬ ሙሉ ጉዳይ እዚያ ቤት ውስጥ እየተነገረ፣ እኔ አንድ የሞተ ፕላስቲክ በራሴ ላይ አጥልቄ ዝናብ እቆጥራለሁ። አልቅሼ እንደሆነም አላውቅም፤ ፊቴ ከመስታወቱ ሥር አስቀድሞ በላብ ርሶ ነበር።

ከላይ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። አንዲት ሴትዮ የኮባ ቅጠል ተከናንበው፣ በሌላ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር በእጃቸው ይዘው፣ ጭቃውን እየመረጡ ወረዱ። የዘነበች እናት ነበሩ። አጠገቤ ቆመው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ያ ድምፅ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ወፈር ያልክ መስለኸኝ ነበር» አሉና ጥቅሉን ፈቱት። ቆጮና አይብ ነው፤ ይጨሳል። እጄን አልዘረጋሁም። ምን እንደተባለ ሳላውቅ እንዴት ልብላ?

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ ቆጣ ብለው። «አማቿን ጦሙን ሸኘች ልታሰኘኝ ነው?»

አማቿን! ሄልሜቱ ያቋረጠውን እማማ ጨረሱልኝ። እሳቸው ጠቅልለው ትልቅ ጉርሻ ሲያነሱ እኔም ከደስታዬ ብዛት ጎንበስ ብዬ አፌን የቻልኩትን ያህል ከፈትኩ። ጉርሻው መጥቶ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ።

አይቡ ቀስ ብሎ በዓይኔ ፊት ሲወርድ ሁለታችንም አየነው። እማማ የኮባ ቅጠላቸውን ጥለው፣ ዝናቡ እየመታቸው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ በሁለት ጣታቸው መስታወቱን ገፋ አድርገው ከፈቱልኝና ሌላ ጠቀለሉ።